ታይሰንን በምርጥ ጊዜው ማን ይረታው ነበር? እጩዎቹን እናወዳድር

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ባለቤቱ ደስ ያለው ቀን ፊልሙ ሲያልቅ የማይክ ታይሰንን የቦክስ ካሴት ይጨምርልናል። ካሴቱ ብዙ ከመታየቱ የተነሳ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ መሀል ላይ ነጭ መስመር ይሠራል። ማንም ግድ አልነበረውም። ማይክል ስፒንክስ ሲዘረር ቤቱ በሙሉ ብድግ ይላል። ግጥሚያው የፈጀው 91 ሰከንድ ብቻ ነው። ስፒንክስ እስከዚያች ቀን ድረስ 31 ጊዜ ተጋጥሞ አንዴም አልተሸነፈም ነበር።

ከዚያ ወጥተን ወደ ቤት ስንሄድ ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፤ "ይሄን ሰውዬ ማን ይችለዋል?" መልሱም አንድ ነበር፤ ማንም።

ዛሬ ያን መልስ አልሰጥም። ታይሰን በምርጥ ጊዜውም የሚሸነፍ ሰው ነበር። ግን እንደው ለመጣ ለሄደው አይደለም። የሚረታው ሰው ምን ምን ማሟላት እንዳለበት ከራሱ ከታይሰን ግጥሚያዎች ማንበብ ይቻላል። በክርክር ላይ "አሊ ይበላው ነበር" ወይም "ፎርማን ይጨርሰው ነበር" ከማለት በፊት እጩዎቹን በዚያ ሚዛን ማስቀመጥ ይሻላል። እኔ አስቀምጫቸው የደረስኩበት ሰው ደግሞ ብዙዎች የማይጠሩት ነው።

የትኛው ታይሰን?

ክርክሩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። አንዱ የ1988ቱን ታይሰን ይዞ ይመጣል፣ ሌላው የ1996ቱን። ሁለቱ ሰዎች የሚያወሩት ስለተለያየ ቦክሰኛ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እኔ ምርጥ ጊዜው የምለው ከኖቬምበር 22፣ 1986 እስከ ጁን 27፣ 1988 ያለውን ነው። የመጀመሪያው ትሬቨር በርቢክን በሁለተኛው ዙር ጥሎ በ20 ዓመት ከ4 ወሩ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነበት ቀን ነው። የመጨረሻው ስፒንክስን የጣለበት። በዚህ መሀል ሦስቱንም የሻምፒዮና ቀበቶዎች ሰብስቧል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታይሰን ሌላ ሰው ነው። በ1988 መጨረሻ ላይ አሰልጣኙን ኬቨን ሩኒን አባረረ። ሩኒ የካስ ዳማቶ ተማሪ ነው። ዳማቶ ደግሞ ታይሰንን ከልጅነቱ ካትስኪል በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ያሳደገውና የሠራው ሽማግሌ ነው፤ ልጁ ሻምፒዮን ሲሆን ሳያይ በኖቬምበር 1985 አረፈ። የዳማቶ ትምህርት ቀላል ይመስላል፣ ለመሥራት ግን ከባድ ነው። ሁለቱን ጓንቶች ጉንጭህ ላይ ትለጥፋለህ። ጭንቅላትህን አንድ ቦታ አታቆምም፤ ግራ ቀኝ፣ ወደ ታች ወደ ላይ። እያንዳንዱ ምት ቁጥር አለው። ሩኒ ከጥግ ሆኖ ቁጥር ይጮኻል፣ ታይሰን ቁጥሩን በቡጢ ይተረጉመዋል። ሩኒ ከሄደ በኋላ የጭንቅላቱ እንቅስቃሴ ቀነሰ፣ ምቶቹም አንድ በአንድ መጡ።

ስለዚህ አንድ ሰው "ኢቫንደር ሆሊፊልድ በ1996 አሸንፎት የለም እንዴ?" ካላችሁ፣ መልሱ አዎ ነው፣ ግን የተሸነፈው ያ ታይሰን አይደለም። የ1996ቱ ታይሰን በአስገድዶ መድፈር ተፈርዶበት ከ1992 እስከ 1995 ታስሮ የወጣ የ30 ዓመት ሰው ነው። የ2002ቱ፣ ሌኖክስ ሉዊስ ሜምፊስ ላይ በ8ኛው ዙር የዘረረው ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

የራሱ ግጥሚያዎች ምን ይላሉ?

ካሴቱ ላይ የማይገቡ ግጥሚያዎች አሉ። ዝረራ ስለሌለባቸው። ለዚህ ክርክር ግን ከዝረራዎቹ በሙሉ የሚበልጡት እነሱ ናቸው።

ጀምስ ቲሊስን እንይ። ሜይ 1986፣ ግሌንስ ፎልስ፣ ኒውዮርክ ግዛት። ታይሰን እስከዚያ ድረስ 19 ሰው ገጥሞ 19ኙንም በዝረራ ጨርሷል። ቲሊስ ግን 10 ዙር አብሮት ቆየ። እንዴት? ተንቀሳቀሰ፣ ታይሰን ሲጠጋ አቀፈው፣ ከመቀበል ይልቅ መለሰ። በ4ኛው ዙር አንዴ ወደቀ። ሁለት ዳኞች 6 ለ 4 ነው የሰጡት። ያቺን የወደቀባትን ዙር ቢያሸንፍ ኖሮ እነሱ ጋ 5 ለ 5 ነበር። ሻምፒዮን ከመሆኑ በፊት ያለ ግጥሚያ ስለሆነ ዋና ማስረጃ አላደርገውም። ግን መንገዱን መጀመሪያ ያሳየው ቲሊስ ነው።

"ቦንክረሸር" የሚባለው ጀምስ ስሚዝ በማርች 1987 12 ዙር በሙሉ ታይሰንን አቅፎ ነው የጨረሰው። ለማየት አሰልቺ ነው። ዙሮቹን በሙሉ ለማለት ይቻላል ተሸንፏል። ትምህርቱ ግን አለ፤ ታይሰን ሲታቀፍ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም ነበር። ዳኛው እስኪለያቸው ይጠብቃል። የሚገርመው ስሚዝ በመጨረሻው ዙር ማብቂያ ላይ አንዲት ቀኝ አሳርፎ ታይሰንን አነቃነቀው። ቀድሞ ቢሞክራት ምን ይሆን ነበር ብዬ ሁሌ አስባለሁ።

ከሁሉም ግን ቶኒ ተከር። ኦገስት 1፣ 1987፣ ላስ ቬጋስ። ተከር 196 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ታይሰን 178። የመጀመሪያውን ዙር ፈልጋችሁ እዩት። ታይሰን እንደልማዱ ዝቅ ብሎ ሊገባ ሲል ተከር በግራ እጁ ከታች ወደ ላይ አፐርካት ሰደደለት። የታይሰን ጭንቅላት ቀና አለ፣ እግሩ ወደኋላ ሄደ። ለአፍታ ነው። ግን በዚያች አፍታ ውስጥ ዝቅ ብሎ ወደ ፊት የሚመጣ ሰው ምን እንደሚጠላ በግልጽ ይታያል። ተከር ቀኝ እጁን ከግጥሚያው በፊት ተጎድቶ ስለነበር በጃብ (ፊት ባለው እጅ ቀጥ ብሎ በሚወረወር ምት) እና በማቀፍ 12 ዙር ጨረሰ፣ በነጥብም ተሸነፈ። ሁለት ጤነኛ እጅ ቢኖረው ብሎ መከራከር ይቻላል። እኔ ያን ያህል አልሄድም፤ ከ4ኛው ዙር በኋላ ታይሰን ተቆጣጥሮት ነበር።

እና ከነዚህ ሰዎች አራት ነገር እንውሰድ። አንደኛ፣ ረጅምና ከባድ ጃብ፤ የሚነካ ሳይሆን የሚያቆም። ሁለተኛ፣ ታይሰን ሲገባ የሚያቅፍ ወይም የሚገፋ ጉልበት። ሦስተኛ፣ ተመትቶ የሚቆም አገጭ፤ ምክንያቱም ማንም ቢሆን መመታቱ አይቀርም። አራተኛው ልብ ነው። ብዙዎቹ ሪንግ ላይ የተሸነፉት ደወሉ ሳይደወል ነው። ስፒንክስ ሲገባ ፊቱን እዩት።

በስተር ዳግላስን የት እናስቀምጠው?

ታይሰንን መጀመሪያ ያሸነፈው ሰው ዳግላስ ነው። ፌብሩዋሪ 11፣ 1990፣ ቶኪዮ። ውርርዱ 42 ለ 1 ነበር፣ ለታይሰን አድልቶ። ዳግላስ እናቱን ከቀበረ ገና አንድ ወር አልሞላውም። ጃቡን እየወረወረ፣ ቀኙን እያስከተለ፣ ታይሰን ሲጠጋ እያቀፈ ተዋጋ። በ8ኛው ዙር ማብቂያ ላይ በታይሰን አፐርካት ወደቀና ተነሳ። በ10ኛው ዘረረው።

የታይሰን ጥግ ላይ የነበረውን ማየት ያሳዝናል። ዓይኑ ሲያብጥ እብጠቱን የሚጫኑበት ቀዝቃዛ ብረት እንኳ አልያዙም። የላስቲክ ጓንት ውስጥ የበረዶ ውሃ ሞልተው ዓይኑ ላይ ያዙለት። ሻምፒዮን ነው፣ 37 ጊዜ አሸንፎ የመጣ። ሲወድቅ ደግሞ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ የጥርስ መከላከያውን ከወለሉ ላይ ፈልጎ አነሳ፣ አንድ ጫፉን ብቻ አፉ ውስጥ ሸጎጠው፣ ሌላው ጫፍ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ቀረ። ይህን ምስል ያየ ሰው አይረሳውም። እኔም ታይሰንን የወደድኩት ከዚያ ቀን በኋላ የበለጠ ነው። በዚያ ሁኔታ ውስጥ እንኳ ሊነሳና ሊቀጥል ነበር የፈለገው።

ዳግላስን የማየው እንዲህ ነው፤ ምርጡ ታይሰን ይሸነፍ እንደነበር አያረጋግጥም፣ መንገዱ ግን ትክክል እንደነበር ያረጋግጣል። አንድ ነገር ልብ በሉ። ይኸው ዳግላስ በሜይ 1987 በቶኒ ተከር ተሸንፏል፣ በ10ኛው ዙር። ተከር ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ በታይሰን። ስለዚህ "እገሌ እገሌን ካሸነፈ" የሚለው ሒሳብ ቦክስ ውስጥ አይሠራም።

እጩዎቹ

መሐመድ አሊ። የምንመርጠው የ1966ና የ67ቱን አሊ ነው፤ ከመታገዱ በፊት፣ እግሩ ገና መሬት የማይነካበት ጊዜ። 191 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ 198 የክንድ ርዝመት። ክሊቭላንድ ዊሊያምስን በኖቬምበር 1966 ሂውስተን ላይ በ3 ዙር ሲጨርሰው ማየት በቂ ነው። ልብ አለው፣ አገጭ አለው፣ አንገት ይዞ ማቀፍም ያውቅበታል። እንዲያውም ታይሰን ላይ ትልቁ መሣሪያው ይኸ እቅፍ ይሆን ነበር፣ ዳኛው ከፈቀደ።

ችግሩ የግራ ሁክ ነው፤ ክንድ ታጥፎ ከጎን የሚመጣ ምት። አሊ እጁን ዝቅ አድርጎ ወደኋላ እያዘመመ ነው የሚያመልጠው። ሄንሪ ኩፐር በ1963 በግራ ሁክ ጣለው። ጆ ፍሬዘር በማርች 8፣ 1971 በ15ኛው ዙር በግራ ሁክ ጣለው። የታይሰን ግራ ሁክ ከሁለቱም ይፈጥናል። አሊ ሁለቱንም ጊዜ መነሳቱ እውነት ነው። ስለዚህ አሊን የሚመርጥ ሰው በረጅሙ መንገድ ተማምኖ ነው፤ አምስትና ስድስት ዙር ተርፎ፣ ታይሰን ሲደክምና ተስፋ ሲቆርጥ በነጥብ ወይም በመጨረሻ ዝረራ። ጥሩ ምርጫ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ የምለው እሱን ነበር።

ጆርጅ ፎርማን። የ1973ቱ። ጃንዋሪ 22፣ ኪንግስተን፣ ጃማይካ ላይ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ ጣለው። ፍሬዘር አጭር ነው፣ ዝቅ ብሎ እየተወዛወዘ ወደ ፊት ነው የሚመጣው። የሚመስለው ሰው አለ? አዎ። ፎርማን ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው በሁለት እጁ ትከሻውን ገፍቶ ርቀቱን ያስተካክልና በአፐርካት ያነሳዋል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ፎርማንን መርጬ እሄድ ነበር። ግን ፍሬዘር ታይሰን አይደለም። ፍሬዘር ለመሞቅ ጊዜ ይፈጃል፤ ታይሰን ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ እሳት ነው። ፍሬዘር የሚዋጋው በግራው ነው፤ ታይሰን በሁለቱም። የፎርማን ምት ሰፊ ነው፣ ከሩቅ ይነሳል። በ1976 ሮን ላይል በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ጥሎታል፤ ተነስቶ በ5ኛው አሸነፈ እንጂ። የፎርማንና የታይሰን ግጥሚያ ከሦስት ዙር አያልፍም። ሁለቱም ሊወድቁ ይችላሉ። መቶ ብር አሲዙ ቢሉኝ በዚህኛው ላይ አላስይዝም።

ላሪ ሆልምስ። ታይሰን በጃንዋሪ 1988 በ4ኛው ዙር ሦስት ጊዜ ጥሎ ጨርሶታል። ብዙ ሰው ስለዚህ ስሙን ይሰርዘዋል። ይህ ትክክል አይመስለኝም። ሆልምስ ያኔ 38 ዓመቱ ነበር፣ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር ሪንግ ውስጥ አልገባም። ሆኖም በዚያችው በ4ኛው ዙር መጀመሪያ ላይ በጣቶቹ ቆሞ መንቀሳቀስ ሲጀምር ጃቡ ታይሰን ፊት ላይ ማረፍ ጀምሮ ነበር። የ30 ዓመቱን ሆልምስ አስቡት፤ በከባድ ሚዛን ታሪክ ከታዩት ጃቦች ምርጥ ከሚባሉት አንዱ፣ 206 ሴንቲ ሜትር የክንድ ርዝመት፣ 15 ዙር የለመደ ሳንባ። በ1979 ኤርኒ ሼቨርስ በአስፈሪ ቀኝ ሲጥለው ተነስቶ በ11ኛው አሸንፏል።

የሆልምስ ሕመም ግን ይኸው ቀኝ ነው። ጃቡን ወርውሮ እጁን ዝቅ አድርጎ ይመልሳል። ሼቨርስ በዚያ ገባ፣ በ1981 ሬናልዶ ስናይፕስ ገባ፣ በ88ትም ታይሰን ራሱ ገባ። ሼቨርስና ስናይፕስ ጥለውት ሲነሳ መጨረስ አልቻሉም። ታይሰን መጨረስ ይችላል። ለዚህ ነው ሆልምስን ሦስተኛ የማደርገው።

ሌኖክስ ሉዊስና ሆሊፊልድ ላይ ብዙ አልቆይም። ሉዊስ በቁመትም በክንድም ከሁሉም የተሻለ ነው፤ 196 እና 213 ሴንቲ ሜትር። ግን በ1994 በኦሊቨር ማኮል፣ በ2001 በሐሲም ራህማን በአንዳንድ ቀኝ ተዘርሯል። ምርጡን ታይሰን ሲገጥም አገጩ ያሰጋኛል። ሆሊፊልድ ልቡና ብልሃቱ ወደር የለውም፤ ነገር ግን በ1988 ከከባድ ሚዛን በታች ካለው ክፍል ገና የመጣ ሰው ነበር። ሲመታም ቆሞ መልስ መስጠት ይወዳል። ያን ታይሰን ፊት ቆሞ መልስ መስጠት ደግሞ መጨረሻው ጥሩ አይሆንም።

የኔ ምርጫ፣ ሶኒ ሊስተን

ሊስተን ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው በ1965 መሬት ላይ ተዘርሮ አሊ ከላይ ቆሞ ሲጮህበት ያለው ፎቶ ነው። ያ ፎቶ ብዙ በድሎታል። ከ1959 እስከ 1962 ድረስ የነበረው ሊስተን ሰው የሚሸሸው ቦክሰኛ ነበር።

በመጀመሪያ ሰውነቱ። ቁመቱ 185 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ የክንዱ ርዝመት ግን 213። የሉዊስ ክንድ በአጭር ሰው ላይ ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንደ ተከር ያለ ረጅም ሰው ዝቅ ብሎ የሚመጣውን ታይሰንን ለመምታት ቁልቁል ነው የሚወረውረው፤ ምቱ ኃይል ያጣል። የሊስተን ጃብ ግን ከትከሻው ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ታይሰን ፊት ካለበት ከፍታ ብዙም አይበልጥም። ጃቡ ደግሞ የሌላው ሰው ዋና ቡጢ ያህል ይከብዳል። በክብደትም ሊስተን ወደ 97 ኪሎ፣ ታይሰን ስፒንክስን ሲገጥም 99 ኪሎ ነበር። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ምክንያቴ ፍሎይድ ፓተርሰን ነው። ፓተርሰን የዳማቶ ተማሪ ነው፣ ከታይሰን 30 ዓመት ቀድሞ በዚያው ትምህርት ቤት የተሠራ። ጓንት ጉንጭ ላይ፣ ዝቅ ብሎ መግባት፣ ዘሎ ሁክ መወርወር። ታይሰን በዕድሜ ትንሹ ሻምፒዮን ሲሆን የሰበረው ክብረ ወሰንም የፓተርሰንን ነው። ዳማቶ ፓተርሰን ሊስተንን እንዲገጥም አልፈለገም ነበር። በሴፕቴምበር 1962 ቺካጎ ላይ ተጋጠሙ፤ 2 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ። በጁላይ 1963 ላስ ቬጋስ ላይ ደገሙት፤ 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ። ሁለቱም በዝረራ፣ ሁለቱም በመጀመሪያ ዙር።

የሚመጣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ፓተርሰን 86 ኪሎ ነበር፣ አገጩም ደካማ ነው፤ ኢንገማር ዮሃንሰን በ1959 በአንድ ዙር ሰባት ጊዜ ጥሎታል። ታይሰን ከሱ ይከብዳል፣ ይፈጥናል፣ አገጩም ድንጋይ ነው። እውነት ነው። ለዚህ ነው ሊስተን በአንድ ዙር ይጨርሰዋል የማልለው። የማነሳው ሌላ ነገር ነው፤ ሊስተን ያን አገባብ ያውቀዋል፣ መልስም አለው። ሲገባ ጃብ፣ ከገባ ደግሞ ትከሻ ለትከሻ ገፍቶ አጭር አፐርካት።

ከዚያ አገጩ። ማርቲ ማርሻል በ1954 መንጋጋውን ሰብሮት እንኳ ግጥሚያውን ጨርሷል። ክሊቭላንድ ዊሊያምስ በዘመኑ ከነበሩት ከባድ መቺዎች አንዱ ነው። በ1959 ሚያሚ ቢች ላይ ሊስተንን በሙሉ ኃይሉ መታው፣ አፍንጫውን አደማው። ሊስተን አልሸሸም፤ በ3ኛው ዙር ዘረረው። በዓመቱ ሲደግሙት በ2ኛው። ልቡስ? ሪንግ ውስጥ ሲገቡ አስፈሪ ዓይን ማሳየትን ከታይሰን በፊት የሠራበት እሱ ነው። በዓይን የሚሸነፍ ሰው አልነበረም። ፎርማን ወጣት ሳለ ከሊስተን ጋር ይለማመድ ነበር፤ ስለ ሰውዬው ጉልበት እስከ እርጅናው ድረስ በአክብሮት ያወራ ነበር።

ሊስተንን ያሸነፈው ምንድን ነው? እግር። አሊ በ1964 ዞረው፣ አደከመው፣ ሊስተን ለ7ኛው ዙር ከበርጩማው አልተነሳም። ኤዲ ማቼንም በ1960 እየሸሸ 12 ዙር ቆይቶበታል። የሚሸሽ ሰው ሊስተንን ያስቸግረዋል። ታይሰን ግን በሕይወቱ ሸሽቶ አያውቅም። የሊስተን ክንድ ወዳለበት ራሱ ነው የሚመጣው።

እንዴት ይሆናል ብትሉኝ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ታይሰን ይወስዳል። ፍጥነቱ ሊስተንን ያስደነግጠዋል፣ አንዴ ሊያስንበረክከውም ይችላል። በ3ኛውና በ4ኛው ጃቡ ማረፍ ይጀምራል። ታይሰን ሲደናቀፍበት የጭንቅላቱ እንቅስቃሴ ይቀንሳል፣ አንድ ትልቅ ምት መፈለግ ይጀምራል። ከስሚዝም ከተከርም ጋር እንዲህ ሆኗል። ያኔ ከ7ኛው እስከ 9ኛው ባለው ውስጥ ሊስተን። ከአሥር ግጥሚያ ስድስቱን ሊስተን፣ አራቱን ታይሰን ያሸንፋል ባይ ነኝ። አራት ትንሽ ቁጥር አይደለም።

ክርክሩ ላይ ምርጫችሁ የሚለወጥበት አንድ ነገር አለ። ከመጀመራችሁ በፊት የዙሩን ብዛት ተስማሙ። በአሊና በሆልምስ ምርጥ ጊዜ የሻምፒዮና ግጥሚያዎች 15 ዙር ነበሩ። በ1982 አንድ የደቡብ ኮሪያ ቦክሰኛ ከግጥሚያ በኋላ ከሞተ ወዲህ ነው ወደ 12 መውረድ የተጀመረው። ታይሰን ከ12 በላይ ተዋግቶ አያውቅም። 15 ዙር ካላችሁ አሊና ሆልምስ አንዳንድ ደረጃ ከፍ ይላሉ። 12 ካላችሁ ፎርማንና ሊስተን። ዳኛውም ቶሎ የሚለያይ ነው ወይስ እቅፍ የሚታገሥ? ቶሎ የሚለያይ ከሆነ አሊን እንደገና አስቡበት።

ጊዜ ካላችሁ ሁለት ነገር ተከታትላችሁ እዩ። መጀመሪያ የታይሰንና የተከርን የመጀመሪያ ዙር፣ ቀጥሎ የሊስተንና የዊሊያምስን የ1959ኙን። ተከር በግራ እጁ ያደረጋትን ነገር በአእምሯችሁ ያዙ። ከዚያ የሊስተንን ግራ እጅ ብቻ ተከተሉ።